የላፕቶፔን ሪከቨሪ ወደ አዲሱ ዲስክ እንዴት ላዛውር?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። አዳማ ነው የምኖረው፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ላፕቶፔ ኤችፒ ነው። ወንድሜ እ.ኤ.አ. በ2017 አዲሱን ገዝቶ ከአሜሪካ አመጣልኝ። ዊንዶውስ 10 ይዞ ነው የመጣው። ሀርድ ዲስኩ 1 ቴራ ነው። ሰሞኑን በጣም ቀርፋፋ ሆኗል፣ አልፎ አልፎም ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል። ስለዚህ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ገዛሁ። ዲ ላይ ‹ሪከቨሪ› የሚል 14 ጊጋ ገደማ የሆነ ነገር አለ። ኮፒ ላድርገው ብል እምቢ አለኝ። ኤፍ11 ተጭኜ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ የምመለስበት መንገድ እንዳይጠፋብኝ እፈልጋለሁ። ሱቅ ስጠይቅ ‹እሱን ተይው፣ ፎርማት አድርገን አዲስ ዊንዶውስ እንጭንልሻለን› አሉኝ። ሲ ላይ 130 ጊጋ ያህል ይዣለሁ፣ የምሠራበት የሂሳብ ፕሮግራም ፒችትሪም አለበት። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ዲስኩን ሳትፈቺ መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ከፈታ በኋላ ነው። አንዳንዱማ አሮጌውን ዲስክ ፎርማት አድርጎ ለዘመድ ከሰጠ በኋላ «ሪከቨሪዬስ?» ይላል።

ይቻላል። ሪከቨሪው ወደ አዲሱ ዲስክ ይሄዳል፣ ኤፍ11ም መልሶ ይሠራል። ከጥያቄሽ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ግን ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ነው። እንደዚያ የሚል ዲስክ ዛሬ ተነስቶ ነገ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብበሽ ሳትጨርሺ ፒችትሪን ክፈቺና ከራሱ ‹ፋይል› ሜኑ ውስጥ ባክአፕ አድርጊ። ፎልደሩን እንዲሁ ኮፒ ማድረግ፣ በተለይ ፕሮግራሙ ተከፍቶ ሳለ፣ አይታመንም። ዳታቤዙ ፋይሎቹን ይዟቸው ስለሚቀመጥ ግማሹ የተጻፈ ግማሹ ያልተጻፈ ነገር ትቀጃለሽ። የራሱ ባክአፕ ግን ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ፋይል ያደርግልሻል። ፍላሽ ላይ አስቀምጪው፣ ፍላሹን ደግሞ ከላፕቶፑ ቦርሳ ለይተሽ ሌላ ቦታ አድርጊው። ፎቶና ሰነዶችሽንም እንደዚሁ።

ያደረግሽ እንደሆነ እንቀጥል። ትእዛዞችን በእኛ ፊደል እንደሚነበቡ እጽፋቸዋለሁ። ስትተይቢ በእንግሊዝኛ መሆኑን አትርሺ።

መጀመሪያ ዲስክሽ ላይ ምን እንዳለ እንይ። የዊንዶውስን ቁልፍና ኤክስን አንድ ላይ ተጫኚና ‹ዲስክ ማኔጅመንት›ን ምረጪ። ከታች አንድ ረጅም መስመር ተከፋፍሎ ታያለሽ፤ እያንዳንዱ ክፍል ፓርቲሽን ይባላል። መጀመሪያ ላይ ያለችው ትንሿ ‹ኢኤፍአይ› ትባላለች። አንቺ ዘንድ 260 ሜጋባይት አካባቢ ትሆናለች፤ ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነባት እሷን ነው። ከእሷ ቀጥሎ 16 ሜጋባይት የሆነች፣ ዲስክ ማኔጅመንት ጨርሶ የማያሳይሽ፣ ማይክሮሶፍት ለራሱ የያዛት ቦታ አለች። ከዚያ ትልቁ ሲ ይመጣል። ከሲ በኋላ 1 ጊጋ የማትሞላ፣ ፊደል የሌላት፣ ‹ሪከቨሪ ፓርቲሽን› ተብሎ የተጻፈባት አለች። መጨረሻ ላይ ያንቺ ዲ።

እንግዲህ ሪከቨሪ የሚባሉት ሁለት ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ያቺ ፊደል የሌላት ትንሿ የዊንዶውስ የመጠገኛ ክፍል ናት። ዊንዶውስ አልነሳ ሲል ሰማያዊ ስክሪን ላይ ‹ትረብልሹት› የሚል ምርጫ የሚያመጣልሽ እሷ ውስጥ ያለው አንድ ፋይል ነው፤ ስሙ ዊንአርኢ ነው። ትልቁ ዲ ደግሞ የኤችፒ ነው። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ዊንዶውስ፣ ድራይቨሮቹና ኤችፒ የጫናቸው ፕሮግራሞች ተጨምቀው የተቀመጡበት ነው። ኤፍ11 ስትጫኚ የሚነሳው ትንሿ ነው። ትንሿ ከተነሳች በኋላ ነው ዲን ፈልጋ «ወደ ፋብሪካው ልመልስሽ?» የምትለው። ዲን ብቻ ብታዛውሪ የሚጠራው የለም፤ ትንሿን ብቻ ብታዛውሪ የምትጠራው የለም።

አሁን ኮፒና ፔስት ለምን እንደማይበቃ ይገባሻል። እኛ አገር ቤት ስንጠቁም «ከወፍጮ ቤቱ አልፈሽ፣ ሦስተኛው ሰማያዊ በር» እንላለን። ዊንዶውስም የሚጠቁመው እንደዚያው ነው። ሪኤጀንት የሚባል አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለው። እዚያ ላይ የመጠገኛው ክፍል የትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ፣ ከዲስኩ መነሻም ስንት ባይት ርቆ እንደሚጀምር ተጽፏል። አዲሱ ዲስክሽ ያነሰ ስለሆነ ሲ ያጥራል። ሲ ሲያጥር ከሲ በኋላ ያሉት ሁሉ ወደ ፊት ይጠጋሉ። ፋይሎቹ አንድም ሳይጎድሉ ቢቀዱ እንኳ ጠቋሚው የሚያመላክተው ባዶ ሜዳ ይሆናል። አንድ ደንበኛዬ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይቶ ዲ ላይ ያለውን ሁሉ ኤክስተርናል ላይ ገልብጦ ለሁለት ዓመት በጥንቃቄ አስቀምጦ ነበር። ዊንዶውሱ የተበላሸ ቀን ይዞት መጣ። 14 ጊጋ ፋይል አለ፣ የሚያስነሳው ግን የለም።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር እንነጋገር፦ ያ ዲ ምን ያህል ያስፈልግሻል?

ብዙ ሰው ዲን አጥብቆ የሚይዘው «ጂኒዩኑ ዊንዶውስ እዚያ ነው ያለው» ብሎ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የሚሸጡ ላፕቶፖች የዊንዶውሱን ሕጋዊነት የሚያረጋግጠው ቁልፋቸው የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ቺፕ ውስጥ ነው። ዲስክ ቀየርሽ አልቀየርሽ ቁልፉ አይነካም። ያንኑ የዊንዶውስ እትም ከማይክሮሶፍት በነፃ አውርደሽ ብትጭኚ፣ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን አክቲቬት ያደርጋል። የሱቁ ልጆች «ፎርማት አድርገን እንጭንልሻለን» ሲሉ ክራክ የተደረገ ከሆነ ግን እንቢ በያቸው። ሕጋዊው አንቺው ጋ እያለ ክራክ የሚጭኑት ፍላሻቸው ላይ ያለው እሱ ስለሆነ ነው።

ሌላም አለ። ዊንዶውስ 10 ‹ሪሴት› ሲደረግ ዲን አይፈልግም። ሲ ላይ ካሉት ከራሱ ፋይሎች ነው መልሶ የሚሠራው። እ.ኤ.አ. ከ2020ው የግንቦት እትም ወዲህ ደግሞ ከኢንተርኔት አውርዶ መሥራት ይችላል። ዲ ላይ ያለው እንግዲህ የ2017 ዊንዶውስ ነው። ወደ እሱ ብትመለሺ የዓመታት አፕዴት ከላዩ ሊወርድ ነው፤ በስልክ ዳታ የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ ዋጋውን አንቺው ታውቂዋለሽ። ዊንዶውስ 10 ራሱ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 14፣ 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል።

ታዲያ ዲ ጥቅም የለውም? አለው። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ድራይቨሮቹን ሁሉ ይዞ ላፕቶፑን የሚያስነሳ ነገር ነው። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ የጣት ሰሌዳው ሳይፈለግ ይሠራል። ላፕቶፑን ስትሸጪም ንጹህ አድርጎ ለማስረከብ ይመቻል። ስለዚህ ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ አዛውሪው፣ 14 ጊጋ ነው። ዲስኩ ከታመመ ግን ለዲ ብለሽ የፒችትሪውን ዲስክ አታስለፊ።

የዊንዶውስ 7 ዘመን ላፕቶፕ ያላችሁ ሌሎች አንባቢዎች ካላችሁ የእናንተ ትንሽ ይለያል። ቁልፉ ከሥር ተለጥፎ ያለው ወረቀት ላይ ነው፤ የፋብሪካው ሪከቨሪ ደግሞ ቁልፍ ሳይጠይቅ ራሱን ያነቃል። ወረቀቱ ተፍቆ ከሆነ ሪከቨሪውን ጠብቁት።

ወደ ዲስክሽ ጤና እንምጣ። ላፕቶፑን አጥፊና ስታበሪው ኤፍ2ን ደጋግመሽ ተጫኚ። ኤችፒ የራሱ መመርመሪያ አለው፣ ሀርድ ድራይቩን ለይተሽ አስመርምሪ። ‹ፌይልድ› ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። ካለፈ ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ ገብተሽ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አስነሺ። ሰማያዊ ጥሩ፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ መጥፎ ነው። ቀለሙን ብቻ አትመኚ። ዝርዝሩ ውስጥ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉትን ሦስት መስመሮች እዪ። 05 ማለት ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎች ብዛት ነው። ሲ5 ማለት ዲስኩ ማንበብ አቅቶት «ቆይ እስኪ» ብሎ የያዛቸው ናቸው። ሲ6 ሞክሮ ጨርሶ ያልቻላቸው። በመጨረሻው ዓምድ ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ ደህና ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥሮቹ የሚታዩት በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር ነው፤ 10 ካየሽ 16 ማለት ነው። ፊደል ተቀላቅሎ ብታዪም አትደናገጪ።

ሲ5 ላይ ዜሮ ያልሆነ ነገር ካለ ክሎን ማድረጉን ተዪው። ክሎን ማለት ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ መቅዳት ነው፤ ያ ደግሞ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማስሮጥ ነው፤ ልቡ የደከመን ሰው እንጦጦ እንደማስወጣት። ፋይሎችሽን አውጪ፣ አዲሱ ላይ ከማይክሮሶፍት የወረደ ዊንዶውስ ጫኚ፣ አበቃ። ዲን የግድ ከፈለግሽ ዲዲሬስኪው በሚባል የሊኑክስ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ፈልጊ። እሱ የሚነበበውን መጀመሪያ ይቀዳል፣ የታመመውን ቦታ መዝግቦ ለመጨረሻ ያቆየዋል። ቢቋረጥ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል።

ጤነኛ ነው እንበል። ክሎን ከማድረግሽ በፊት አንድ ሥራ አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይኸኛው ነው። ላፕቶፑ ላይ ‹ኤችፒ ሪከቨሪ ማኔጀር› የሚባል ፕሮግራም ፈልጊ። ‹ሪከቨሪ ሚዲያ ፍጠር› የሚል አለው። ዲ ላይ ያለውን ሁሉ ራሱ የሚነሳ ፍላሽ ያደርግልሻል። 32 ጊጋ ፍላሽ ተጠቀሚ። የሚፈቅደው ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ በማይታመን ፍላሽ ዕድልሽን አታቃጥዪ። ገበያ ላይ ‹2 ቴራ› ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ አለ፤ ውስጡ ሲታይ 8 ጊጋ ይሆናል። ሲጻፍበት ዝም ብሎ ይቀበላል፣ ሲነበብ ግን ባዶ ነው። ፍላሹን ኤችቱቴስትደብሊዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አስቀድመሽ ፈትሺው። ይህ ፍላሽ በእጅሽ ካለ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ቢበላሽ እንኳ መመለሻ አለሽ። አንዳንዱ የፋብሪካ ሪከቨሪ ከድሮው ያነሰ ዲስክ ሲያይ አልጭንም ሊል እንደሚችል ግን እወቂ። ለዚህም ነው የማይክሮሶፍቱንም ዊንዶውስ በሌላ 8 ጊጋ ፍላሽ ያዢ የምለው።

ቀጥሎ ቢትሎከርን እዪ። አንዳንድ ላፕቶፖች ዊንዶውሱን በማይክሮሶፍት አካውንት ስትከፍቺ ሳይነግሩሽ ዲስኩን ይቆልፉታል። ሴቲንግ ውስጥ ‹ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን› የሚል ካለና ‹ኦን› ከሆነ አጥፊውና ፈትቶ እስኪጨርስ ጠብቂ። ካልሆነ አዲሱ ዲስክ ላይ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቅሽና ያን ጊዜ የት ታገኚዋለሽ?

አሁን ክሎኑ። ኤስኤስዲውን ከሳታ (የዲስኩ መሰኪያ ነው) ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰኪው። ውስጡ ሰማያዊ የሆነውን የዩኤስቢ ቀዳዳ ተጠቀሚ፣ እሱ ፈጣኑ ነው። ሶፍትዌሩን በተመለከተ ድሮ ሁላችንም የምንጠቀመው የማክሪየም ሪፍሌክት ነፃ እትም ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ቀርቷል፣ አሁን የሚከፈልበት ነው። እንደ ክሩሻል፣ ኪንግስተንና ዌስተርን ዲጂታል ያሉ አምራቾች ኤስኤስዲያቸውን ለገዛ ሰው የአክሮኒስን ክሎን ማድረጊያ በነፃ ይሰጣሉ። የገዛሽው ከእነሱ ከሆነ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርጂ። ክሎንዚላ ነፃና ጎበዝ ነው፣ ግን ከትልቅ ወደ ትንሽ ዲስክ ሲሆን ያስቸግራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው አልመክረውም። ምን ብትጠቀሚ ግን ፓርቲሽኖቹን አንድ በአንድ መርጠሽ መጠናቸውን መወሰን የሚያስችል ይሁን። ‹ዊንዶውስን ብቻ አዛውር› የሚል ቁልፍ ያላቸው አሉ፤ እነሱ ዲን ትተውት ይሄዳሉ።

አንዳንድ ሰዎች መጀመሪያ ሲን አሮጌው ላይ አሳንሺው ይሉሻል። አታድርጊው። ማሳነስ ማለት ድምፅ በሚያሰማ ዲስክ ላይ ፋይል ከቦታ ቦታ ማመላለስ ነው። አሮጌው ዲስክ ይነበብ እንጂ ምንም አይጻፍበት። መጠኑ የሚቀየረው በመድረሻው ላይ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው፣ የሂሳብ ሰው ነሽና ደስ ይልሻል። 256 ጊጋ ተብሎ የተሸጠልሽ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 238 ነው የሚለው። ማንም አልሰረቀሽም፤ አምራቹ በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። ከ238 ላይ ኢኤፍአይንና ያቺን 16 ሜጋ፣ የመጠገኛዋን 1 ጊጋ፣ የዲን 14 ቀንሺ። ለሲ 222 ገደማ ይተርፋል። 130 ይዘሻል፣ ስለዚህ ይበቃሻል። ቅደም ተከተሉ ኢኤፍአይ፣ የማይክሮሶፍቷ ትንሽ፣ ሲ፣ የመጠገኛዋ፣ ዲ ይሁን። ሲን ስታስገቢ መጠኑን 220 አድርገሽ ወስኚ፤ ካልወሰንሽው ቦታውን ሁሉ ይወስድና የቀሩት መግቢያ ያጣሉ።

ከመቀጠልሽ በፊት እጅሽን ከማውሱ ላይ አንሺና ስክሪኑን እንደገና አንብቢ። ምንጩ 1 ቴራው፣ መድረሻው 256ቱ። እኔ ከዓመታት በፊት አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ደክሞኝ አገላብጬዋለሁ። ባዶውን ዲስክ በሞላው ላይ ቀዳሁት። ሁለቱም ዲስኮች እኩል መጠን ስለነበሩ ዓይኔ አልለየውም። በዚያው ሳምንት ከደመወዜ ለደንበኛው ከፍዬ የዳታ ማዳን ሥራ ላኩት፤ ግማሹ ብቻ ነው የተመለሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዲስኮቹን ስምና መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ሳልጽፍ ‹ስታርት› አልጫንም።

የመብራቱን ነገር መቼም አትረሺውም። ባትሪሽ የሚይዝ ከሆነ መቶ በመቶ ሞልተሽ፣ ቻርጀሩንም ሰክተሽ ጀምሪ። ባትሪው የሞተ ከሆነ ግን ዩፒኤስ ካለበት ቢሮ ሥሪው። በመሃል ቢጠፋ አሮጌው ላይ ጉዳት ባይደርስም አዲሱን ከዜሮ ነው የምትጀምሪው። ላፕቶፑ ራሱ እንዳይተኛም ‹ስሊፕ›ን አጥፊ። ጤነኛ ዲስክ ከሆነ አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት አልፎት ገና ሃያ በመቶ ላይ ካለ ዲስኩ ማንበብ አቅቶታል ማለት ነው፤ አቁሚውና ከላይ ወዳልኩት ወደ ንጹሁ ጭነት ሂጂ።

ሲያልቅ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፊ። ሁለቱም ዲስኮች እንደተሰኩ ሪስታርት አታድርጊ። መንታ ሆነዋል፤ መለያቸው አንድ ነው። ዊንዶውስ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ አንዱን ያግደዋል፣ ወይም ፊደሎቹን ያምታታል።

መፍታቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ግን አትፍሪው። ቻርጀሩን ንቀዪ፣ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጪው። ትንሿን ባለ መስቀል ካቻቢቴ ያዢ። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ኤችፒዎች ከሚታዩት ብሎኖች ሌላ ከሥር ባሉት የላስቲክ እግሮች ስር የተደበቁ አሏቸው፤ ላስቲኩን በጥፍርሽ ቀስ አድርገሽ ላጪው። ዲቪዲ ማጫወቻ ካለው እሱ መጀመሪያ ይወጣል፣ እሱ ከወጣ በኋላ የሚታዩ ትንንሽ ብሎኖችም አሉ። «አልከፈት አለ» የሚባለው ሁልጊዜ አንድ የተረሳ ብሎን ሲኖር ነው፤ በጉልበት አታድርጊው። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል። እኔ ካርቶን ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ሥዬ እያንዳንዱን በቦታው እሰካዋለሁ። ከተከፈተ በኋላ ባትሪው ከውስጥ ከሆነ መጀመሪያ የእሱን ገመድ ንቀዪ። ሀርድ ዲስኩ በብረት ወይም በላስቲክ ፍሬም ታቅፎ ታገኚዋለሽ። ፍሬሙን ከአሮጌው አውልቀሽ ለአዲሱ አልብሺው። ኤስኤስዲው ከድሮው ቀጠን ሊል ይችላል፤ ፍሬሙ ውስጥ እንዳይወዛወዝ ብሎኖቹን በደንብ አጥብቂ። ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው ጠፍጣፋ ገመድ ስስ ነው። ሲነቀል ገመዱን አትጎትቺ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ያዢ።

አብሪው። ሳይንገጫገጭ ከተነሳ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ፍጥነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ። አልነሳ ካለና ሰማያዊ ስክሪን ላይ በ‹0ኤክስሲ› የሚጀምር፣ በኢ የሚያልቅ ረጅም የስህተት ቁጥር ካሳየሽ መነሻው ነው የጠፋበት። በማይክሮሶፍቱ ፍላሽ አስነሺ። ለዚያ ሲበራ ኤፍ9 ተጫኚ። ‹ሪፔር› የሚለውን ስትመርጪ ብዙ ጊዜ ራሱ ያስተካክለዋል።

አሁን ጠቋሚውን እናስተካክል። መፈለጊያው ላይ ሲኤምዲ ብለሽ ጻፊ፣ ቀኝ ክሊክ አድርገሽ እንደ አስተዳዳሪ ክፈቺው። ጥቁሩ መስኮት ላይ ‹ሪኤጀንትሲ› ብለሽ ትጽፊያለሽ። ፊደሎቹ አር፣ ኢ፣ ኤ፣ ጂ፣ ኢ፣ ኤን፣ ቲ፣ ሲ ናቸው፣ ተያይዘው። ክፍተት ተዪና ወደ ፊት ያዘመመውን እዝባር አስከትለሽ ‹ኢንፎ› ብለሽ ኢንተር። የመጀመሪያው መስመር ‹ኢኔብልድ› ወይም ‹ዲሴብልድ› ይላል። ከሥሩ ደግሞ ሀርድዲስክ ዜሮ፣ ፓርቲሽን ይህን ያህል የሚል ረጅም አድራሻ ይኖራል። አድራሻው ባዶ ከሆነ ጠቋሚው ጠፍቶታል። ‹ኢኔብልድ› ቢልም እንኳ እኔ አላምነውም። በዚያው አጻጻፍ መጀመሪያ ‹ዲሴብል›፣ ቀጥሎ ‹ኢኔብል› አድርጊ። ‹ዲሴብል› ስትዪ ያን ዊንአርኢ የሚባለውን ፋይል ከትንሿ ክፍል አውጥቶ ወደ ሲ ያመጣዋል። ‹ኢኔብል› ስትዪ ትንሿን ክፍል እንደ አዲስ ፈልጎ መልሶ ያስገባዋል፣ አዲሱንም አድራሻ ይጽፋል። የወፍጮ ቤቱ ጥቆማ የታደሰው በዚህ ነው። ከዚያ ‹ኢንፎ›ን ድገሚ። ፓርቲሽን 4 የሚል ካየሽ ልክ ነው፦ ኢኤፍአይ አንድ፣ የተደበቀችው ሁለት፣ ሲ ሦስት፣ የመጠገኛዋ አራት።

ፓርቲሽን 3 ካለሽ ፋይሉን ሲ ላይ ነው ያስቀመጠው። ይሠራል፣ ግን ሲ ከተበላሸ መጠገኛውም አብሮ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ትንሿ ክፍል በክሎኑ ጊዜ መታወቂያዋን ማጣቷ ነው። እያንዳንዱ ፓርቲሽን ምን ዓይነት እንደሆነ የሚናገር ረጅም መለያ አለው፤ የመጠገኛው መለያ በ‹ዲኢ94ቢቢኤ4› ይጀምራል። ዲስክፓርት በሚባለው ትእዛዝ ፓርቲሽኑን መርጠሽ ‹ዲቴይል› ብትዪ ያሳይሻል። ሌላ ከሆነ እዚያው መቀየር ይቻላል። ዲስክፓርት ግን «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የተሳሳተ ዲስክ መርጠሽ ‹ክሊን› ብትዪ በሁለት ሰከንድ ዲስኩን ባዶ ያደርገዋል። እዚህ ደረጃ ከደረስሽ የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ይኑር።

መጠገኛዋን ከሲ ቀጥሎ አድርጊ ያልኩሽም ያለ ምክንያት አይደለም። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 አንድ አፕዴት አውጥቶ ነበር። እሷ ክፍል ውስጥ 250 ሜጋባይት ባዶ ቦታ ይፈልግ ስለነበር በብዙ ሰው ኮምፒውተር ላይ አልጫን አለ። ከሲ ጎን ከሆነች ከሲ ላይ ቆርሶ ማስፋት ይቀላል።

በመጨረሻ ሙከራ። አጥፊ፣ አብሪ፣ ኤፍ11ን ደጋግመሽ ንኪ። ‹ትረብልሹት› ውስጥ ግቢና ‹ሪከቨሪ ማኔጀር› የሚለው መኖሩን እዪ። ካለ ክፈቺው፣ የመጀመሪያው ገጽ መምጣቱን አረጋግጪ፣ ከዚያ ሰርዘሽ ውጪ። «እስኪ ይሠራ እንደሆነ» ብሎ ‹ኔክስት›፣ ‹ኔክስት› እያለ ሄዶ ያዛወረውን ሁሉ ያጠፋ ሰው አውቃለሁ፤ ሪከቨሪው በእርግጥም ይሠራ ነበር።

ዊንዶውስ ውስጥ ገብተሽ ፒችትሪን ክፈቺ፣ ያለፈውን ወር ሪፖርት አውጪ፣ ድምሩ ከባክአፑ በፊት ካተምሽው ጋር መግጠሙን ተመልከቺ። አሮጌውን ዲስክ ፎርማት አታድርጊው፣ ለማንም አትስጪው። ቀኑን ጽፈሽበት በጨርቅ ጠቅልለሽ ቢያንስ ለሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። የክሪስታሉ ሦስት ቁጥሮች ምን እንዳሉ ግን ከሁሉ በፊት ጻፊልኝ፤ ከዜሮ የተለየ ነገር ካለ ክሎኑን ሳትጀምሪ እንነጋገራለን።